የስማርት ቤት መቆጣጠሪያ ሽቦ ሲበላሽ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ደንበኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ሆኜ የቤት መቆጣጠሪያ ሲስተም እዘረጋለሁ፣ የተበላሸውንም እጠግናለሁ። ሥራው ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ፣ አንዳንዴም ወልድያ ድረስ ይወስደኛል። ስልኬ ሲጠራ የምሰማው ነገር ብዙም አይለያይም። «ማብሪያውን ስነካው መብራቱ አይሰማም።» «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ግማሽ ቤቱ ዝም ብሏል።» ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው። አዲስ ሞጁል (መብራቱን ወይም መጋረጃውን የሚያዘውን ትንሽ ዕቃ) ከአዲስ አበባ ያስመጣል፣ ብዙ ብር ያወጣል፣ ይገጥማል፤ ችግሩ ግን ያው እዚያው ነው። እኔ ያየሁት ጥፋት በብዛት ሽቦው ላይ ነው፤ ከሽቦውም መጋጠሚያው ላይ። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን ለኩ። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ የሚሄዱት ወደዚህ ነው።

የመቆጣጠሪያ መስመር የምትለው የትኛውን ሽቦ ነው?

አምፖሉን የሚያበራውን የ220 ቮልት ሽቦ ማለቴ አይደለም። ማብሪያዎቹን፣ ሴንሰሮቹንና ፓኔል ቦርድ ውስጥ ያሉትን ሪሌዮች (ኃይሉን የሚያበሩና የሚያጠፉ ዕቃዎች) እርስ በርስ የሚያነጋግረውን ቀጭኑን ሽቦ ነው።

በሥራዬ ሦስት ዓይነት ያጋጥመኛል። አርኤስ-485 የሚባለው ዋጋቸው ቀለል ባሉ ኮንትሮለሮች ላይ የተለመደ ነው። መረጃውን የሚያስተላልፈው ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ሽቦዎች ነው። ኬኤንኤክስ አብዛኛውን ጊዜ በአረንጓዴ ኬብል ይመጣል፤ 30 ቮልት ገደማ ዲሲ ይሄድበታል። ዳሊ ደግሞ ለመብራት ብቻ የተሠራ ነው፤ ሆቴልና አዳራሽ ላይ አገኘዋለሁ። የሦስቱ ሕግ ይለያያል። ለአንዱ ትክክል የሆነ ንባብ ለሌላው ብልሽት ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ሞጁሉ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩትን እዚህ አልነካቸውም።

ሽቦው ቀጭን ነው። አይነዝረኝም አይደል?

እንዲህ ብላችሁ አትመኑ። ሽቦው በተፈጥሮው ዝቅተኛ ቮልት ቢሆንም ከ220 ጋር በአንድ ስካቶላ ውስጥ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ላስቲክ ተልጦ ሌላውን ከነካ ቀጭኑም ይገድላል። እኔ ማንኛውንም ስካቶላ ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነገር ነው። መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጌ እያንዳንዱን ቀጭን ሽቦ ከመሬት ሽቦው ጋር እለካለሁ። ይህን ሳላደርግ ጣቴ ሽቦ አይነካም።

ዳሊን በተለይ ተጠንቀቁ። ቮልቱ ትንሽ ነው፤ ግን ከ220 ጋር በአንድ ኬብል እንዲሄድ የሚፈቀድ ስለሆነ ራሱን እንደ 220 ቁጠሩት።

ሌላው፣ መብራት ስለሄደ ብቻ «አሁን ጠፍቷል» ብላችሁ ሥራ አትጀምሩ። እጃችሁ ውስጥ እያለ ይመጣል። ብሬከሩን ራሳችሁ አጥፉ፣ ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ ለቤተሰቡም ተናገሩ። ፓኔል ቦርድ መክፈት የሠለጠነ ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፤ ከዚህ በታች «ለኩ»፣ «ንቀሉ» የምለውም ለእሱ ነው። የቤቱ ባለቤት ማድረግ የሚችለው ማየት፣ ማስታወስና መመዝገብ ነው፤ እሱም ቢሆን ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

ችግሩ የሽቦ ነው ወይስ የዕቃ? በምን ልለየው?

በመጀመሪያ የጠፋው የቱ እንደሆነ በደንብ ተመልከቱ። አንድ ዕቃ ብቻ ዝም ብሎ ሌላው ሁሉ ከሠራ፣ ዕቃው ወይም የእሱ ብሎን ነው። ከአንድ ቦታ ወዲያ ያሉት ሁሉ ዝም ካሉ መስመሩ እዚያ ጋ ተቆርጧል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ካሉ ወይ ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ተነካክተው ኮንታክት አድርገዋል፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል። አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ የሚል ከሆነ ደግሞ የላላ ብሎን ወይም እርጥበት ነው የምፈልገው።

ከዚያ ቀላል ፈተና አለ። የተጠረጠረውን ዕቃ ንቀሉትና ፓኔል ቦርዱ አጠገብ አምጡት። በአንድ ሜትር አዲስ ሽቦ አገናኙት። እዚያ ከሠራ ዕቃው ንጹህ ነው፣ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው። ካልሠራ ብቻ ነው አዲስ ስለመግዛት የምናወራው። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ከመድረሴ በፊት አንድም ሰው አድርጎት አላየሁም።

ዕቃው ብዙ ነው፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ነው። ከየት ልጀምር?

ከመሃል። ከአንደኛው ዕቃ ተነስቶ አንድ በአንድ መክፈት ቀኑን ይበላዋል፣ ግድግዳውንም ያበላሻል።

ሐይቅ አካባቢ አንድ ማረፊያ ቤት ተጠርቼ ነበር። 16 ክፍል አለው፤ በየክፍሉ አንድ ሞጁል፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተያይዘዋል። ሁሉም ሞተዋል። ፓኔል ቦርዱ ላይ ስለካው መስመሩ ኮንታክት አድርጓል። ሰዎቹ ኮርኒስ አፍርሰው ሙሉውን መስመር ሊቀይሩ ተዘጋጅተዋል።

ስምንተኛው ክፍል ሄድኩና ወደ ዘጠነኛው የሚሄደውን ሽቦ ነቀልኩ። ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት ነፍስ ዘሩ። ስለዚህ ጥፋቱ ከስምንት ወዲያ ነው። መልሼ አገናኝቼ አሥራ ሁለተኛው ላይ ነቀልኩ። አሁን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ሁሉ ዝም አሉ። ስለዚህ ከስምንትና ከአሥራ ሁለት መሃል ነው። አሥረኛው ላይ ነቀልኩ፤ ከአንድ እስከ አሥር ሠሩ። አሥራ አንደኛው ላይ ነቀልኩ፤ እንደገና ሞቱ። የአሥራ አንደኛውን ሞጁል አውጥቼ አየሁት፣ እሱ ደህና ነው። እንግዲህ የቀረው ከአሥር ወደ አሥራ አንድ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ነው። አሥራ አንደኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አዲስ የመጋረጃ ዘንግ ተሰቅሏል። ብሎኑን ስናወጣው ጫፉ ላይ የመዳብ ቁራጭ ይዞ ወጣ። ኮንዲዊቱን በስቶ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ነክሷቸው ኖሯል።

አራት ቦታ ከፍቼ ነው ያገኘሁት። አንድ በአንድ ብሄድ አሥራ አንድ ቦታ እከፍት ነበር። ቡና እያፈሉ ነበርና ከአቦል በፊት ጀምሬ በረካው ሳይቀዳ ጨርሻለሁ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ናስትሮ ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉበት። ደግሞም ጥፋቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱን አገኛችሁ ማለት ሁሉም አለቀ ማለት ስላልሆነ መስመሩን መልሳችሁ ስትገጥሙ ደረጃ በደረጃ እየሞከራችሁ ይሁን።

«60 ኦም መሆን አለበት» ሲሉ ሰማሁ። ምን ማለት ነው?

ኦም ማለት ሽቦ ወይም ዕቃ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ መለኪያ ነው። 60 የሚባለው ለአርኤስ-485 ብቻ ነው። የዚህ መስመር ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ይገጠማል። ሬዚስተሩ ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ተመልሶ እንዳይጮህ ያስቆመዋል፤ ገደል ላይ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ማለት ነው፣ ሬዚስተሩ ከሌለ የራሱ ድምፅ ተመልሶ ይረብሸዋል።

የሁሉንም ኃይል አጥፍታችሁ በኤ እና በቢ መሃል ስትለኩ ሁለቱ 120 ጎን ለጎን ስለሆኑ 60 ኦም ገደማ ታያላችሁ። ሌሎች ሬዚስተሮች ሞጁሎቹ ውስጥ ስላሉ ትንሽ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም። 120 ካነበባችሁ ወይ አንዱ ጫፍ ሬዚስተር የለውም፣ ወይ መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጦ ሩቁን ሬዚስተር አላያችሁትም። 40 ከሆነ አንድ ሰው ሦስተኛ ሬዚስተር ጨምሯል። ብዙ ሞጁሎች ውስጣቸው ያለውን ሬዚስተር የምታስገባ ትንሽ ማብሪያ አላቸው፤ ሳይታወቅ በርቶ ይቀራል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ኮንታክት ነው።

ኮንታክት ሲሆን አንድ ጠቃሚ ሒሳብ አለ። የኔትወርክ ኬብል፣ ማለትም ካት 5፣ አንዱ የመዳብ ክር በ100 ሜትር 9.4 ኦም ገደማ ነው። ሄዶ ሲመለስ 19 ኦም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከፓኔል ቦርዱ ለክታችሁ 4 ኦም ካገኛችሁ ጥፋቱ 21 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። የመልቲሜትሩን ገመዶች ራሳቸውን አገናኝታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር መቀነስ አትርሱ። ሽቦዎቹ አጥብቀው ካልተነካኩ ቁጥሩ ከፍ ይላልና እንደ ፍንጭ ብቻ ያዙት። እኔን ግን ብዙ ግድግዳ ከመብሳት አድኖኛል።

ኤ እና ቢ ተገላብጠው ቢሆንስ?

ዕቃው አይቃጠልም፣ ዝም ነው የሚለው። አንዳንዴ ሌሎቹንም ይረብሻል። የሚያሳዝነው አምራቾች በስያሜው አለመስማማታቸው ነው፤ የአንዱ ኤ የሌላው ቢ ነው። የሁለት አምራች ዕቃ ቀላቅላችሁ አዲሱ እምቢ ካለ ሁለቱን ሽቦ ለዋውጣችሁ ሞክሩ።

ሁሉም መብራት በሙሉ ኃይሉ በርቶ አልጠፋም አለ። ምን ሆኖ ነው?

መብራታችሁ በዳሊ የሚሠራ ከሆነ ይህ የታወቀ ምልክት ነው። የዳሊ መስመር ቮልት ሲያጣ መብራቶቹ «መስመር ተበላሽቷል» ብለው ራሳቸው ወደ ተመደበላቸው ብርሃን ይሄዳሉ። ከፋብሪካ ሲወጡ የተመደበው ሙሉ ብርሃን ነው። ሰው ጨለማ ውስጥ እንዳይቀር የታሰበ ጥሩ ነገር ነው።

ስለዚህ መብራቶቹን አትጠርጥሩ። መስመሩ ላይ 16 ቮልት ገደማ ዲሲ መኖር አለበት። ዜሮ ከሆነ ወይ ፓወር ሰፕላዩ፣ ወይ ኮንታክት ነው፤ ከላይ እንዳልኩት ከመሃል እየነቀላችሁ ፈልጉ። ዳሊ ሽቦው ቢገላበጥ ግድ የለውም። የሚገድበው ርዝመቱ ነው፤ 300 ሜትር። በአንድ መስመር ላይ ደግሞ ከ64 በላይ አድራሻ (የዕቃ መለያ ቁጥር) አይቀበልም።

ኬኤንኤክስ ላይ ምን ያህል ቮልት ልጠብቅ?

ፓወር ሰፕላዩ አጠገብ 29 ወይም 30፣ ሩቁ ዕቃ ጋ ደግሞ ቢያንስ 21። ከዚያ ከወረደ ዕቃው ያንቀላፋል። ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው፤ ከተገላበጠ ዕቃው አይነሳም፣ ግን አይጎዳም። መልቲሜትር የሌለው ሰው ዕቃው ላይ ያለችውን ትንሿን የፕሮግራም ቁልፍ ይጫን። ቀይ መብራቷ ከበራች ኃይሉ ደርሷል፣ ሽቦውም አልተገላበጠም። ሲጨርስ መልሶ ይጫናት።

ርዝመቱም ሕግ አለው። ከፓወር ሰፕላይ እስከ ሩቁ ዕቃ 350 ሜትር፣ በሁለት ዕቃ መሃል 700፣ ሁሉም ሽቦ ተደምሮ 1000። ለመኖሪያ ቤት ይህ ሰፊ ነው። ጫፍ ላይ ሬዚስተር አይፈልግም። ቅርንጫፍ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ዞሮ መልሶ ራሱን የሚያገኝ ቀለበት ግን አትሥሩ። ኮርኒስ ውስጥ ሁለት ሽቦ ያገኘ ሠራተኛ «ይሄ ተርፏል» ብሎ አገናኝቶት ቀለበት የሆነ ቤት አጋጥሞኛል።

እንጀራ ስጋግር ቤቱ ያብዳል። ምጣዱ ከመቆጣጠሪያው ጋር ምን አገናኘው?

ይህን የጠየቁኝ ደሴ ሆጤ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ በእንጀራ ቀን መጋረጃው ራሱ ይከፈታል፣ የሳሎኑ መብራት ይጠፋና ይበራል» አሉኝ። ልጆቻቸው አላመኗቸውም ነበር። እውነታቸውን ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩልና ከዚያም በላይ ይስባል። ወደ ቤቱ የሚገባው ሽቦ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ምጣዱ ሲበራ የቤቱ ቮልት ይወርዳል። እሳቸው ቤት ሄጄ ምጣዱን አስበርቼ ስለካው 220 የነበረው 165 ደረሰ። የመቆጣጠሪያው ፓወር ሰፕላይ ከምጣዱ ጋር በአንድ ብሬከር ተያይዟል። ቮልቱ በወረደ ቁጥር ኮንትሮለሩ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሲነሳም መጋረጃውን «የት ነህ?» ብሎ ይፈትሻል። መጋረጃው የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነበር። ለመቆጣጠሪያው የራሱን ብሬከር ሰጠነው። ከፊቱ ትንሽ ዩፒኤስ (ቮልት ሲወርድ በባትሪ የሚያስቀጥል ዕቃ) አደረግንለት። የምጣዱ ሶኬት ጋ የላላና የተቃጠለ ሞርሴት (የሽቦ ማያያዣ) ነበር፤ እሱንም ቀየርነው። ይህ የመጨረሻው ከመጋረጃውም በላይ ያሳሰበኝ ነው። የላላ መጋጠሚያ ላይ ያን ያህል ኃይል ሲሄድ እሳት ይነሳል። ምጣድ ሲበራ አምፖላችሁ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ስማርት ቤት ኖራችሁም አልኖራችሁም፣ መጋጠሚያዎቹን አስፈትሹ።

በጋ ደህና ነው። ሐምሌ ሲገባ ይበላሻል። ለምን?

እርጥበት ነው። ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮት ድረስ ይመጣል፣ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። የውጭ ማብሪያ፣ የአጥር በር ሞተር፣ በረንዳ ላይ ያለ ሴንሰር፤ ውሃው በኮንዲዊቱ ተንሸራቶ ስካቶላ ውስጥ ይቀመጣል። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ውስጥ ውሃ ከገባ መውጫ የለውም። መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም ዱቄት ይሆናል።

ምልክቱ ሰዓቱ ነው። ንጋት ላይ እምቢ ብሎ ፀሐይ ሲወጣ የሚሠራ መስመር እርጥብ መጋጠሚያ አለው ብዬ ነው የምነሳው። እንዲህ ዓይነት ቤት ከተጠራሁ ከሰዓት አልሄድም። ረፋዱ ላይ ሁሉም ደርቆ «ምንም የለም» ብዬ እመለሳለሁ፣ ማታውን እንደገና ይደወልልኛል። ጎህ ሲቀድ ሄጄ ነው የምለካው።

የሚጠገነው አረንጓዴውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ንጹህ መዳብ እስኪመጣ ድረስ በመላጥ፣ ውሃ በማያስገባ ጄል በተሞላ መጋጠሚያ በማያያዝ ነው። ኬብሉ ወደ ስካቶላው የሚገባው ከታች ይሁን፤ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ትንሽ ይርገብ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ኮምቦልቻ ሲወረድ ችግሩ ይለወጣል፤ ወደ ቆላው፣ ወደ መርሳና ቆቦ ሲኬድ ደግሞ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ላስቲኩን አድርቆ ይሰነጥቀዋል።

መጨረሻ ላይ ያለው ዕቃ ብቻ ይደክማል። ቅርቡ ደህና ነው።

ቮልቱ መንገድ ላይ አልቋል። በቁጥር እንየው። ፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልት ነው እንበል። በካት 5 አንድ ጥንድ ሽቦ 50 ሜትር ወሰዳችሁት፤ ጫፍ ላይ ያሉት ዕቃዎች ግማሽ አምፔር ይስባሉ። 50 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 9.4 ኦም ነው። በግማሽ አምፔር ሲባዛ 4.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ጫፍ የሚደርሰው 7.3 ብቻ ነው። ሁለት ጥንድ አንድ ላይ አድርጋችሁ ብትወስዱት ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ የሚሻለው በ24 ቮልት መውሰድ ወይም ጫፉ ጋ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኬብል ሞልቷል። ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፣ ዋጋው ያባብላል። ሬዚስታንሱ ከንጹህ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፣ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ብሎን ሥር ጊዜ ሲቆይ ይላላል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ክሩን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። ለብዙ ዓመት ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ሽቦ ላይ መቆጠብ በጣም ያስቆጨኛል፤ በኋላ ልሱ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው።

መብረቅ ከጣለ በኋላ ሦስት ሞጁል ሞተ። ቤቱን ግን አልመታውም።

ዕቃ ለመግደል ቤቱን ራሱን መምታት አያስፈልገውም። ዋናው ቤትና ሰርቪስ ቤቱ፣ ወይም የአጥሩ በር፣ በአንድ የመቆጣጠሪያ ሽቦ ተያይዘው ከሆነ፣ መብረቅ አጠገብ ሲወርድ የሁለቱ ቦታ መሬት እኩል ቮልት አይሆንም። ልዩነቱ በቀጭኑ ሽቦ በኩል መንገድ ይፈልጋል። አርኤስ-485 የሚችለው ልዩነት ከኔጋቲቭ 7 እስከ ፖዘቲቭ 12 ቮልት ነው። መብረቅ ይህን ከምንም አይቆጥረውም። ደሴን በመሰለ ተዳፋት ላይ፣ አንዱ ቤት ከላይ ሌላው ከታች ሲሆን፣ ይህ በየክረምቱ የማየው ነገር ነው።

ከሕንፃ ሕንፃ የሚሄድ መስመር ላይ እኔ ሁልጊዜ አይሶሌተር (መረጃውን አሳልፎ የሁለቱን ወገን ኤሌክትሪክ የሚለያይ ዕቃ) አስገባለሁ፣ በሁለቱም ጫፍ ደግሞ የመብረቅ መከላከያ። አቅም ያለው ፋይበር ይጠቀም፤ ፋይበር መብረቅ አያስተላልፍም። ከሁሉ በፊት ግን የቤቱ የመሬት ሽቦ በእርግጥ መሬት ውስጥ መግባቱን አስለኩ። ሽቦው ኖሮ ዘንጉ የሌለበት ቤት አይቻለሁ። ኬብሉ ልባስ ያለው ከሆነ ልባሱን ከመሬት ጋር የምታያይዙት በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ከታሰረ እሱ ራሱ የመብረቅ መንገድ ይሆናል።

አይጥ በልቶት ሊሆን ይችላል?

በጣም። ኮርኒስ ውስጥ ያለ ሽቦ በኮንዲዊት ካልገባ አይጥ ይበላዋል። በተበላው ቦታ ናስትሮ አትጠቅልሉ፤ ቆርጣችሁ በስካቶላ አገናኙ።

ሁሉንም ክፍል ከፓኔል ቦርድ ለየብቻ ነው የዘረጋነው። ጉዳት አለው?

ለኬኤንኤክስና ለዳሊ የለውም። ለአርኤስ-485 አለው። እሱ የሚፈልገው እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱ ካንዱ ተያይዞ በአንድ ክር መሄድ ነው። አብሽሩ፣ ግድግዳ አይፈርስም። ካት 5 ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦ አለ። በአንዱ ጥንድ ወደ ክፍሉ ሂዱ፣ በሌላው ጥንድ ተመለሱ፣ ፓኔል ቦርዱ ላይ የተመለሰውን ከሚቀጥለው ክፍል ጋር አገናኙት። መስመሩ ይረዝማል፤ ግን አርኤስ-485 በዝግታ ሲሠራ እስከ 1200 ሜትር ስለሚችል ለቤት አያስጨንቅም።

ስታገናኙ ኤ እና ቢ ከአንድ ጥንድ ይሁኑ፤ ለምሳሌ ሰማያዊና ነጭ ሰማያዊ። አንዱን ከሰማያዊ፣ ሌላውን ከአረንጓዴ ከወሰዳችሁ በመልቲሜትር ትክክል ይመስላል፣ ሥራ ላይ ግን በየአጋጣሚው ይሳሳታል። ሽቦው የተጠማዘዘው ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ እንዲያጠፋ ነውና ጥንዱ ሲለያይ ያ ጥቅም ይቀራል።

ሽቦው ሁሉ ደህና ነው። ሁለት ክፍል ግን እየተፈራረቁ ይጠፋሉ።

ሁለቱ አንድ አድራሻ ይዘው ይሆናል። አንዱን ንቀሉት፤ ሌላው ወዲያው ደህና ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። አድራሻውን ቀይሩ።

ኤሌክትሪሺያኑ በሜገር ልለካው አለ። ልፍቀድለት?

ሞጁሎቹ ሁሉ ከተነቀሉ በኋላ ብቻ። ሜገር የሽቦው ላስቲክ ደህና መሆኑን የሚፈትሽ መለኪያ ነው፣ 500 ቮልት ይልካል፤ በመስመሩ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል።

አዲስ ቤት እየሠራሁ ነው። ልስን ከመመታቱ በፊት ምን ላድርግ?

ይህን በጊዜ የሚጠይቀኝ ሰው ስላገኘሁ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠሩኝ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው።

የመቆጣጠሪያው ሽቦ የራሱ ኮንዲዊት ይኑረው። ከ220 ጋር ጎን ለጎን መሄዱ ግድ ከሆነ እኔ 30 ሴንቲ ሜትር አርቃለሁ፤ መሻገር ካለበት መስቀለኛ ሆኖ ይሻገር። ግድግዳ ውስጥ መጋጠሚያ አይቀበር፤ የሚገጣጠም ነገር ሁሉ በሚከፈት ስካቶላ ውስጥ ይሁን። በየማብሪያው ቦታ አንድ ክንድ ትርፍ ሽቦ ተውት።

ልስኑ ከመመታቱ አንድ ቀን በፊት ግድግዳውን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ሜትር ዘርግታችሁ ከወለልና ከማዕዘን ያለው ርቀት እንዲታይ። ፎቶውን በስልክ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይጠፋል። አሳትማችሁ ፓኔል ቦርዱ በር ውስጥ ለጥፉት። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፉ፦ የሳሎኑ ይህን ያህል ኦም፣ የመኝታ ቤቱ ይህን ያህል። ልስኑ ከተመታ በኋላ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከተለወጠ ለሳኙ ሳይሄድ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በዚያው ቀን ክፈቱት።